ሮኬቱ የሚታቀደው ከሚወድቅበት ነው

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በግቢያችን የሚነገር አንድ አሳብ አለ። ይኸውም የተማሪዎች ማኅበራችን ገንዘብ አዋጥቶ ከውጭ አገር አንድ ከፍተኛ ኃይል ያለው ተገጣጣሚ ሞዴል ሮኬት ያስመጣ፤ እኛው ተማሪዎቹ እዚሁ ቃሊቲ እንገጣጥመው፤ በምረቃም ቀን ወላጆችና እንግዶች በተሰበሰቡበት ከግቢያችን ሜዳ ወደ ሰማይ እንልቀቀው የሚል ነው። አሳቡን ያመነጩትን ወንድሞችና እኅቶች እናመሰግናለን። ሮኬቱ ይሠራ በሚለው ከእነርሱ ጋር ነን። በምረቃ ቀን ከግቢያችን ይነሣ በሚለው ግን ጨርሶ አንስማማም። የማንስማማውም ከፍርሃት የተነሣ ሳይሆን ከስሌት የተነሣ ስለሆነ፤ ስሌቱን ከዚህ በታች ዘርዝረን ለአንባብያን ፍርድ እናቀርባለን።

የምንነጋገርበት ዕቃ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ተገጣጣሚ ሮኬት በሳጥን ውስጥ ተበታትኖ የሚመጣ አካል ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ከካርቶን ወይም ከፋይበር ግላስ የተሠራ ቱቦ፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ ከኮምፔንሳቶ የተቈረጡ ሦስት ወይም አራት ክንፎች፣ ሞተሩን የሚይዝ ጠበብ ያለ ቱቦና ቀለበቶቹ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ፓራሹትና የመግጠሚያ መመሪያ ይገኛሉ። ሞተሩ በሳጥኑ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይገዛል። የሞተሮች ጉልበት በላቲን ፊደል ተራ ይሰየማል። ልኩም የሞተሩ ግፊት በሚቈይበት ጊዜ ተባዝቶ በኒውተን ሰከንድ ይቈጠራል። «ኤ» እስከ 2.5 ኒውተን ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፊደል የቀዳሚውን እጥፍ ይይዛል። «ጂ» እስከ 160፣ «ኤች» እስከ 320፣ «አይ» እስከ 640 ይደርሳል። ከፍተኛ ኃይል የሚባለው ወገን በጥቅሉ ከ«ኤች» ይጀምራል። እንግዲህ ትልቁ «ኤች» ልጆች ከሚማሩበት ከትልቁ «ኤ» 128 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። «ሞዴል» የሚለው ቃል ሊያዘናጋን አይገባም።

ስለዚህ ጉዳይ በግቢያችን ሁለት ዓይነት ተቃራኒ ንግግር እንሰማለን። የመጀመሪያው ወገን «አገሪቱ ውሃና መብራት ሳይዳረስላት፣ የተማሪው ወጥ ሳይወፍር፣ ሮኬት ምን ሊረባን ነው?» ይላል። ይህን ጥያቄ በንቀት የምናልፈው አይደለም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ወደ ጠፈር መመልከት ከጀመረች ቈይታለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ምድር ተነሥታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዋለች። በዓመቱ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛይቱ ተከተለች። መልእክታቸውን ለመቀበል ጣቢያ የተሠራው እዚሁ እንጦጦ ነው። ሁለቱንም ተሸክሞ ያወጣቸው ግን የቻይና ሮኬት ነበር። በመቀሌም የምህንድስና መምህራንና ተማሪዎች ከዓመታት በፊት የሮኬት ንድፍ ሥራ ጀምረው እንደነበር ይታወሳል።

እኛ 600 ሜትር የሚወጣ የካርቶን ሮኬት ሠርተን 600 ኪሎ ሜትር ለሚወጣው ምትክ እናገኛለን ብለን አንዋሽም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሜትርና በኪሎ ሜትር መካከል ካለው ልዩነት የበለጠ ነው። የምንፈልገው ጥቅም ሌላ ነው። በምህንድስና ትምህርታችን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተታችን የሚገለጠው በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ማርክ ይቀነስብናል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ሮኬት ግን ክብደቱን፣ ነፋሱን፣ የሙጫውን ጥንካሬ፣ የገመዱን ውል፣ የሕጉን ፈቃድ፣ የባለመሬቱን በጎ ፈቃድ በአንድ ላይ አስቦ የማይሠራውን ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ በአደባባይ ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለ ፈታኝ በማንኛውም የመማሪያ ክፍል አይገኝም። ድልድይ፣ ግድብና ፋብሪካ የሚሠሩት እጆች መሠልጠን ያለባቸው እንዲህ ባለው ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቸኳዩ ነው። «ሞተር ከውጭ ለምን እንገዛለን? የኬሚስትሪ ተማሪ ሞልቶ ነዳጁን እኛው እንቀምመው» ይላል። በዚህ ላይ ቃላችንን ሳናለሳልስ እንናገራለን፤ አይሆንም። የሞዴል ሮኬት ታሪክ ራሱ የተጀመረው ከዚህ ጥፋት ለመውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ ከተነሣች በኋላ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች በየጓዳውና በየጋራዡ ነዳጅ እየቀመሙ ጣታቸውንና ዓይናቸውን አጥተዋል። መፍትሔው የመጣው ከኔብራስካ ባለጫማ ቤት ከነበረው ከኦርቪል ካርላይል ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 የሠራው ትንሽ ሮኬት በተዘጋጀ ሞተር የሚነሣና በፓራሹት የሚመለስ ነበር። በ1957 ሃሪ ስታይን ከሚባለው የሮኬት መሐንዲስ ጋር ተገናኝተው ሥራው ወደ ገበያ ወጣ። የአሳቡ ቁም ነገር አንድ ነው፤ ሞተሩ በሚያውቁት እጅ ተሠርቶና ተፈትኖ ይምጣ፤ ተማሪው በቀረው ላይ ይራቀቅ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ኦክቶበር ስካይ» የተባለውን ፊልም ይጠቅሱልናል። በዚያ የሚታየው ሆመር ሂካም ከጓደኞቹ ጋር በኮልዉድ የከሰል ማዕድን መንደር ሮኬት ሠርቶ በ1960 በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድር እንዳሸነፈ እውነት ነው። ነገር ግን ፊልሙን የሚጠቅሱ ሰዎች ሁለት ነገር ይዘላሉ። አንደኛ፤ እነዚያ ልጆች የመጀመሪያ ሮኬታቸው የሂካምን እናት አጥር ካፈረሰ በኋላ ከመንደሩ ርቀው የከሰል ጥራጊ ወደሚደፋበት ባዶ ሜዳ ለመሄድ ተገድደዋል። ሁለተኛ፤ የሮኬታቸውን ብረታ ብረት በትክክል የቀረጹላቸው የማዕድኑ የቶርኖ ሠራተኞች ነበሩ። ከታሪኩ የምንማረው ስለ ነዳጅ ቅመማ ሳይሆን ስለ ሜዳና ስለ ባለሙያ እጅ ነው። ወደ ሁለቱም ነገር በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያ የተጻፈው ለቃሊቲ አይደለም። የተጻፈው ለዝቅተኛ አገር፣ ሰው ለሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ ሞተር በሱቅ ለሚሸጥበት ከተማ ነው። ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 እስከ 2200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክምችት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አራት ነገሮች ይለወጣሉ።

የመጀመሪያው ከፍታው ነው። የሚቃወመው አየር ስለሳሳ ሮኬቱ መመሪያው ከሚለው በላይ ይወጣል። ይህን ሰምቶ ደስ የሚለው ይኖራል፤ ይሁንና ከፍ ብሎ የወጣ ሮኬት ርቆ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ሞተሩ ነዶ ካለቀ በኋላ ሮኬቱ በተሰጠው ፍጥነት እየወጣ ይቈያል፤ ከዚያም ጫፍ ሲደርስ ፓራሹቱ መውጣት አለበት። በሳሳ አየር ሮኬቱ ጫፍ ለመድረስ የሚፈጅበት ሰከንድ ይበዛል። መመሪያው በሚያዝዘው ሰከንድ የተሞላ ሞተር እዚህ ቢገባ ሮኬቱ ገና በፍጥነት እየወጣ ሳለ ፓራሹቱ ይወጣና ገመዱ ሊበጠስ፣ ጨርቁም ሊቀደድ ይችላል።

ሦስተኛው ክንፎቹ ናቸው። ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚሄደው ክንፎቹ አየሩን ስለሚይዙ ነው። የሳሳ አየር ለመያዝ አስቸጋሪ ስለሆነ ሮኬቱ ከሚንሸራተትበት የብረት ሐዲድ ሲለቅ ፍጥነቱ 12 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። በሌላ አገር በሰከንድ 15 ሜትር በቂ ነው ቢባል ለእኛ ወደ 17 ያስፈልገናል። 2 ኪሎ የሚመዝን ሮኬት በአማካይ 200 ኒውተን በሚገፋ ሞተር 2 ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ ቢነሣ በሰከንድ 19 ሜትር ይዞ ይለቃል፤ ይበቃዋል። ነገር ግን ሠሪዎቹ ሙጫ አብዝተው፣ ቀለም ደራርበው፣ ካሜራም ጨምረው 3 ኪሎ ቢያደርሱት ፍጥነቱ ወደ 15 ይወርዳል። ያው ሮኬት፣ ያው ሞተር፣ ያው ሐዲድ ነው፤ ግን ከሐዲዱ ሲለቅ ወደ ነፋሱ ይጋደማል። ስለዚህ ሚዛን ከሙጫ በፊት ይገዛ እንላለን።

አራተኛው ፓራሹቱ ነው። ሞተሩ ነዶ ሲያልቅ 1.8 ኪሎ የሚቀረው ሮኬት በባሕር ወለል በሰከንድ 6 ሜትር እንዲወርድ የተሰፋ የ1.13 ሜትር ፓራሹት፤ በቃሊቲ ከፍታ በሰከንድ 6.7 ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መሬት ሲደርስ የሚመታበት ጉልበት ግን በሩብ ይጨምራል፤ ክንፍ የሚሰበረውም በዚሁ ሩብ ነው። ስፋቱን ወደ 1.26 ሜትር በማሳደግ ነገሩ ይስተካከላል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ስሌት ከሁሉ የከበደው ነው። 600 ሜትር የወጣ ሮኬት በሰከንድ 6 ሜትር ሲወርድ 100 ሰከንድ በአየር ላይ ይቈያል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ መካከለኛ ነፋስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። የውጭ አገር የደኅንነት ደንብ እንደ መጨረሻ ወሰን የሚፈቅደው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢገጥመው ደግሞ ወደ 900 ሜትር ይርቃል። ከግቢያችን ሜዳ መካከል ቆመን 900 ሜትር ዙሪያ በካርታ ላይ እናክብብ። ምን እናገኛለን? መኝታ ቤት፣ መማሪያ ክፍል፣ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የሰው ቤት። ከዚያ አለፍ ሲል ቃሊቲ የከባድ መኪናና የነዳጅ ቦቴ መተላለፊያ ናት። በስተሰሜን የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አለ።

ይህ ሁሉ ፓራሹቱ ሲከፈት ነው። ሳይከፈት ቢቀርስ? 1.8 ኪሎ ሹል ነገር ከ600 ሜትር በአፍንጫው ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ80 ሜትር ያልፋል። የቆርቆሮ ጣሪያ አያቆመውም። በጣሪያው ሥር ያለችው እናት ስለ ማኅበራችንም ሆነ ስለ ሳይንስ አልሰማችም፤ ፈቃዷንም አልተጠየቀችም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ በምረቃ ቀን ከግቢያችን ይነሣ የሚል ቢኖር ስሌቱን አይቶ መልስ ይስጠን።

አቋማችን አሁን ግልጽ ይመስለናል። ሰው ሁሉ ሮኬትን የሚያቅደው ከሚነሣበት ጀምሮ ነው፤ እኛ ግን ከሚወድቅበት ይጀመር እንላለን። በመጀመሪያ ሜዳው ይገኝ። ከሜዳው ስፋት የሚፈቀደው ከፍታ ይወሰን። ከከፍታው ሞተሩ፣ ከሞተሩ ክብደቱ፣ ከክብደቱ የሳጥኑ ዓይነት ይመረጥ። ሳጥኑ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ ከሁሉ በፊት ሊገዛ ታስቧል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሜዳ የት ይገኛል ለሚለው ከከተማው ውጭ ነው የምንለው። የደኅንነቱ ደንብ ከሜዳው ጠባቡ ጎን የከፍታውን ግማሽ ወይም 457 ሜትር፤ ከሁለቱ የበለጠውን እንዲሆን ያዝዛል። እኛ ግን ነፋሱን ስላሰላን ከዚህ እጥፍ የሚያህል እንፈልጋለን። በሸዋ ምድር ባዶ የሚመስለው ሜዳ ሁሉ ባለቤት ያለው እርሻ ነው። ክረምት ጭቃ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር እህሉ ቆሟል፤ አንረግጥበትም። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ክምርና ውድማ አለ፤ አንድ ብልጭታ የገበሬውን የዓመት ልፋት አመድ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ከየካቲት ወዲህ፣ ነፋስ ገና ሳይነሣ ከጧቱ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ሮኬቱ በሚቆምበት ዙሪያ ቢያንስ 15 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ከደረቅ ሣር ይጽዳ፤ ውሃና አካፋ ይቅረብ። ደንቡ ለዚህ ሞተር ተመልካች 30 ሜትር ይራቅ ቢልም እኛ ለጀማሪ 100 ሜትር እንመርጣለን።

ለአየሩ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ለጸጥታው የሚመለከተው ክፍል፣ ለመሬቱ ቀበሌውና ባለእርሻው ይጠየቁ። ደብዳቤው ለባለእርሻው በሚያነብበት ቋንቋ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ምን እንደሚወድቅ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚክስ ይገለጽበት። ፈቃድ ሲከለከል ደግሞ ተከለከልን ብለን በሌሊት አንሄድም። አንድ የተደበቀ ሙከራ ቢበላሽ በሩ የሚዘጋው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ በኋላ በሚመጡት ተማሪዎች ሁሉ ላይ ነው።

የሞተሩ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተር እንደ ተቀጣጣይ አደገኛ ዕቃ ስለሚቈጠር ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልን ሊገባ አይችልም፤ ሊሞክርም አይገባም። በሕጋዊ መንገድ፣ በተቋም ስም፣ ልምድ ያለው ሰው ኃላፊነት ወስዶ ብቻ ይምጣ። ይህ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ሁለትም ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት ግን አይደለም። ያለ አንዲት ግራም ነዳጅ በቃሊቲ የሚሠራው ሥራ ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ነው።

ቃሊቲና አቃቂ የፋብሪካ አገር ናቸው። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቶርኖ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ጋራዡ ተደርድሯል። ፋይበር ግላስ የሚያውቀውን ሰው የውሃ ጋን ከሚጠግነውና የአውቶቡስ አካል ከሚያድሰው ዘንድ እናገኘዋለን። ኮምፔንሳቶ ከአናጢው፣ የፓራሹት ናይለን ከመርካቶ፣ ስፌቱም ከልብስ ሰፊው አለ። ጨርቅ የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ተመዝኖና ቀጥተኛነቱ ተፈትኖ ለሮኬት አካል ይበቃ እንደሆነ መሞከር ይቻላል። እንግዲህ አንድ ሳጥን ይገዛ፤ ግን እንደ መምህር እንጂ እንደ እንግዳ አይታይ። እያንዳንዱ ክፍል ይመዘን፣ ይለካ፣ በወረቀት ይሣል፤ ከዚያም ሁለተኛው ሮኬት በአገር ውስጥ ዕቃ ይሠራ።

በዚህ ቦታ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ብረት በበዛበት ሰፈር «ሁሉንም በላሜራ እንሥራው» የሚል ፈተና ይመጣል። ይህ የተከለከለ ነው። አካሉ፣ አፍንጫውና ክንፎቹ ከወረቀት፣ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ግላስ መሆን ያለባቸው ሲወድቁ እነርሱ እንዲሰበሩ እንጂ ሰው እንዳይሰብሩ ነው። የአቃቂ ባለሙያ ብረቱን የሚያሳየን በመነሻው ሐዲድ፣ በመቆሚያው፣ እሳቱን በሚመልሰው ሰሌዳና ክንፎቹ ሳይጣመሙ እንዲጣበቁ በሚይዘው መግጠሚያ ላይ ነው። የኮልዉድ ልጆች የማዕድኑን ሠራተኞች እንደለመኑ እኛም የሰፈራችንን ባለሙያ በትሕትና እንጠይቅ። ዲግሪ የሌለው የቶርኖ ባለሙያ ከብዙዎቻችን ይልቅ የመቶኛ ሚሊ ሜትርን ዋጋ ያውቃል።

የሥራው ተራ እንዲህ ቢሆን ይበጃል እንላለን።

በመጀመሪያው መንፈቅ ሥራው በወረቀትና በኮምፒዩተር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2009 በሄልሲንኪ የተማሪ መመረቂያ ሥራ ሆኖ የተጀመረው ኦፕንሮኬት የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ የቃሊቲን ከፍታ ጽፎ ማስላት ይቻላል። ይሁን እንጂ ተማሪው አስቀድሞ በእጁ ያስላ። ጄምስ ባሮማን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው የአየር ግፊት ማዕከል ስሌት በሂሳብ ማሽን የሚሠራ ነው። ሕጉም አጭር ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ከአየር ግፊቱ ማዕከል ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት ወደ አፍንጫው ይቅደም። ይህን ሳያረጋግጥ ሙጫ የሚያነሣ ሰው ያጣበቀውን በኋላ ሊያላቅቅ አይችልም።

በዚያው መንፈቅ አዲስ ገቢዎቹ ተማሪዎች የውሃ ሮኬት ይሥሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ውሃና የብስክሌት መንፊያ ነው። እሳት የለበትም፤ ግን ክንፍ፣ ሚዛንና ፓራሹት ምን እንደሆኑ በቅጡ ያስተምራል። ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል እዚህም ቢሆን ርቀት ይጠበቅ።

በሁለተኛው መንፈቅ አካሉ ይገጣጠም። ቱቦው የሚጣበቅበት ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ይሻር፤ ኢፖክሲው በሚዛን ይቀላቀል፤ የእያንዳንዱ ቀን ክብደት በመዝገብ ይጻፍ። ከዚያም ያለ ነዳጅ ይፈተን። በክብደት ማዕከሉ በገመድ ታስሮ ይወዛወዝና አፍንጫውን ወደ ፊት ይዞ ይሄድ እንደሆነ ይታይ። ገመዱ ሊሸከም ከሚገባው በላይ ተስቦ ይፈተን። ፓራሹቱ እኩል ክብደት ታስሮበት ሰው ካልቆመበት ወገን ከፎቅ ይጣልና የሚወርድበት ሰከንድ ይቈጠር። ከፍታ የሚለካው ትንሽ መሣሪያም አየሩ በፓምፕ በሚቀነስበት ዕቃ ውስጥ ገብቶ በትክክል ማንበቡ ይረጋገጥ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሮኬት ሞተር ባይገኝለት እንኳ በቤተ ሙከራችን ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ሊያስተምር ይችላል፤ ሥራው ከንቱ አይሆንም።

ሦስተኛው ደረጃ ፈቃዱ፣ ሜዳውና ሞተሩ የሚሟሉበት ነው። ለዚህ ቀን አንቈርጥም። ቀን የሚቈረጥለት ሮኬት የክብር እንግዳ የሚጠበቅለት ሮኬት ይሆናል፤ የክብር እንግዳ የተጠበቀለት ደግሞ ነፋስ ቢነሣም፣ ደመና ቢወርድም፣ ሽቦው ቢላላም ይነሣል። በአገራችን ለምርቃት ተብሎ ተቻኩሎ የተሠራና ሪባኑ ከተቈረጠ በኋላ የፈረሰ ነገር ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አንድ የደኅንነት ኃላፊ ይመረጥ፤ ምርጫውም በተወዳጅነት ሳይሆን በጥንቃቄ ይሁን። እርሱ ወይም እርሷ «ዛሬ አይነሣም» ካሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሆነ የተጋበዘ ባለሥልጣን ቃላቸውን ሊሽር አይችል። ይህ ሥልጣን በጽሑፍ ይደንገግ።

ከአፍሪቃ ምድርም ምሳሌ አለን። በደቡብ አፍሪቃ የክዋዙሉ-ናታል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ያነሡት የፊኒክስ ሮኬት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ወደ 17.9 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የተነሡት የታሰበላቸውን ከፍታ አልደረሱም ነበር። ያም ሆኖ ማንም ሰው አልተጎዳም፤ ሥራውም አልተዘጋም። ምክንያቱም የተነሡት ከባሕር ዳርቻ ከተከለለ የሙከራ ቦታ ስለነበር ውድቀታቸው ትምህርት እንጂ ሐዘን አልሆነም። አስቀድሞ የሚወድቅበትን ያዘጋጀ ሰው ደጋግሞ ለመውደቅ ነጻነት አለው፤ ደጋግሞ የወደቀም አንድ ቀን ይወጣል።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ እንናገራለን። ተማሪ በአራትና በአምስት ዓመት ይመረቅና ይሄዳል፤ የተማረውንም ይዞት ይሄዳል። በየዓመቱ አዲሱ ትውልድ ከዜሮ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሠራው ሮኬት አንድ ይሁን፤ የሥራው መዝገብ ግን በአማርኛ ተጽፎ፣ ተባዝቶ ለሚከተሉት ይተላለፍ። የተሰበረው ክንፍ፣ የተበላሸው ሙጫ፣ የተከለከለው ፈቃድ ሁሉ ከነምክንያቱ ይጻፍበት። እኛ ተመርቀን ስንበተን መዝገቡ ከተረፈ ሮኬቱ ባይነሣ እንኳ ማኅበሩ አልከሰረም።

እንግዲህ ለማኅበራችን የሥራ ኮሚቴ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በዚህ ዓመት የሚዋጣው ገንዘብ ለሳጥኑ ግዢ አይመደብ። ለሚዛን፣ ለመለኪያ መሣሪያ፣ ለመሥሪያ ዕቃና ሜዳ ፈልገው ለሚሄዱት ሦስት ሰዎች የመኪና ኪራይ ይመደብ። ሦስቱም ሲመለሱ የሜዳውን ስፋት፣ የባለመሬቱን መልስና የጧቱን ነፋስ ልክ ጽፈው ያምጡ። ያ ወረቀት በጠረጴዛችን ላይ ሲቀመጥ፤ የዚያን ጊዜ ሳጥኑ ይታዘዝ።